አጃቢ ከሙሽራ አይቀድምም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ጉዳዩ የቪዲዮ ካሴት ነው። አዎ፣ ያ ጥቁሩ፣ ጡብ የሚያክለው ካሴት። አሁን የብዙዎቻችን ቤት ሳጥን ውስጥ፣ ከባና ሥር ተኝቶ አቧራ የሚጠጣው።

ከራሴ ቤት ልጀምር።

በጥር 1995 ዓ.ም. ታላቅ እህቴ ተዳረች። እኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቪዲዮ አንሺ ከደብረ ብርሃን ድረስ መጣ፤ ለሰፈራችን ትልቅ ጉድ ነበር። ዳሱ ውስጥ ጠላው እየዞረ፣ ማሲንቆው እየጮኸ፣ አባቴ ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ዱላቸውን ነቅንቀው ፎከሩ። የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ የቅድመ አያታቸውን ስም እየጠሩ፣ የት እንደዋሉ፣ የትኛውን መሬት እንዳቀኑ እየዘረዘሩ። አባቴ በሌላ ጊዜ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ግን ዳሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንሺውም ፊታቸው ድረስ ቀርቦ ቀረጸ።

ከአንድ ወር በኋላ ካሴቱ መጣ። ከተማ ውስጥ ቴሌቪዥንና ዴክ ያለው ዘመድ ቤት ተሰብስበን አየነው። አባቴ ብድግ ይላሉ፣ የአንገታቸው ደም ሥር ይገተራል፣ አፋቸው ይከፈታል። የሚሰማው ግን የሰርግ ዘፈን ነው! በኪቦርድ የተሠራ፣ በዚያ ዘመን በየሰርጉ ካሴት ላይ የሚለጠፍ ዘፈን። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሱ ነው። ያኔ ማንም ቅር አላለውም። እንዲያውም “ሠራው!” ብለን አጨበጨብን። አባቴም ራሳቸው ሳቁ።

አባቴ በ2008 ዓ.ም. አረፉ። ከተዝካሩ በኋላ እህቴ ያንን ካሴት ይዛ መጣች። አባቴ የሚፎክሩበት ቦታ ሲደርስ እናቴ ዘወር ብላ “እስቲ ድምፁን ክፈቱት እንጂ” አለችን። ድምፁ እኮ ክፍት ነበር።

ይኼን የምጽፈው ያንን ቪዲዮ አንሺ ለመውቀስ አይደለም። በሰዓቱ የነበረው አሠራር እንደዚያ ነው። መንዝ ላይ በጥር ነፋሱ ማይክሮፎን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል የቀረጸ ሰው ያውቀዋል። በዚያ ላይ የጄኔሬተር ጩኸት አለ። ደንበኛውም “ዘፈን አስገባበት፣ አድምቀው” ይል ነበር። ጥሬው ካሴት ደግሞ ገንዘብ ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ በላዩ ላይ የሌላ ሰው ሰርግ ይቀዳበታል። እኔም ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ የእኛው ጥሬ ካሴት ላይ ሌላ ሙሽራ ነው ያለው። ጥፋቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የሁላችንም ነው። አጃቢውን ከሙሽራው አስቀደምነው።

የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ተማሪዎቼ ሳቁ፤ ግዴለም። የካሴቱ ክር ስስ ፕላስቲክ ነው። በላዩ ላይ ማግኔት የሚሆን የብረት ኦክሳይድ ዱቄት በሙጫ ተለብጧል። ወርዱ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ዴኩ ውስጥ ዘንበል ያለች ከበሮ መሳይ ነገር አለች፤ ክሩን የሚያነበው ሄድ እሷ ላይ ነው ያለው። በእኛ አገር በምንጠቀመው ፓል በሚባለው ሥርዓት በሰከንድ 25 ጊዜ ትዞራለች። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ሙሉ ፍሬም ታነባለች። ያ ማግኔት ሄዱ ላይ ሲያልፍ ኮረንቲ ይፈጥራል። ፋራዴይ ብዬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የምታዛጉበት ትምህርት እሱ ነው።

ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ምስሉና ድምፁ ክሩ ላይ አንድ ቦታ አይደሉም። ምስሉ መሃሉን በሰያፍ ይዞታል። የተለመደው ድምፅ ግን በክሩ ጠርዝ ላይ፣ አንድ ሚሊ ሜትር በምታህል ቀጭን መስመር ነው የሚሄደው። ስለዚህ ምስሉን ሳይነኩ ድምፁን ብቻ አጥፍቶ ሌላ መቅዳት ይቻላል፤ ለዚሁ የተሠራ ቁልፍ ያላቸው ዴኮች ነበሩ። የክሩ ጠርዝ ሲጨማደድም ቀድሞ የሚጎዳው ድምፁ ነው። ሰው ምስሉን አይቶ “ካሴቱ ደህና ነው” ይላል። ድምፁ ግን ሄዷል።

አንድ ተስፋ ነበረኝ። አንዳንድ ጥሩ ዴኮችና ካሜራዎች ሃይ-ፋይ የሚባል ሁለተኛ ድምፅ ከምስሉ ጋር አብረው ይቀዳሉ። የጠርዙ ድምፅ ቢጠፋም ይኼኛው ሊተርፍ ይችላል። ሃይ-ፋይ ዴክ በብዙ ልመና ተውሼ የእህቴን ካሴት አስገባሁት። ምንም የለም። ለካ እኛ ጋ የነበረው ግልባጭ ነው። እናንተ ግን እንደኔ ያለ ካሴት ካላችሁ ይኼን ሳትሞክሩ ተስፋ አትቁረጡ።

አሁን ይኼን ሁሉ ለምን አነሳሁት? ባለፈው ፋሲካ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ሙዚቃ ያቀናብራል፤ ኪቦርድ ላይ እጁ ወርቅ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ስለ መንዝ በግና ስለ ባና ሥራ የ12 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም እየሠሩ ነው። ማጀቢያ ሙዚቃውን የሚሠራው እሱ ነው። “ቲቸር፣ ያ የወላጆች በዓል ካሴት አለ እንዴ?” አለኝ።

አለ። በ1997 ዓ.ም. የተቀረጸ ነው፤ በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እኔ ራሴ ያኔ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ካሴቱ ውስጥ ከኋላ ቆሜ አፍንጫዬን ስነካ ታያላችሁ። የባህል ቡድኑ ልጆች ሱፍ ሲባዘት፣ ሲፈተል፣ ሲሸመን ያሳያሉ። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የነበሩት አባት መድረክ ላይ ወጥተው ቀረርቶ ያሰማሉ። ስድስት ደቂቃ ያህል። ከዚያ በኋላ እንደሳቸው ያለ ድምፅ እኔ አልሰማሁም። እኚህ አባት ዛሬ በሕይወት የሉም።

ተማሪዬ መጀመሪያ ያለኝ ምን መሰላችሁ? “ቲቸር፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ክፈትና በስልክህ ቅረጸው፤ በቴሌግራም ላክልኝ። ድምፁን እንደሆነ አልፈልገውም፣ ሙዚቃ እሠራበታለሁ።”

እኔ ዝም አልኩ። የእህቴ ሰርግ ትዝ አለኝ። “እምቢ” አልኩት። “ና፣ መጀመሪያ ካሴቱን ከነድምፁ በሥርዓቱ ኮምፒውተር ውስጥ እናስገባው። ሙዚቃህን ከዚያ በኋላ ትሠራለህ።” ትንሽ ቅር አለው፤ ግን መጣ። ከመርካቶ ካፕቸር ካርድ ገዝቶ፣ ላፕቶፑን አንግቶ።

ዴኩን ያገኘነው ድሮ መሐል ሜዳ ላይ ቪዲዮ ቤት ከነበራቸው ጋሼ ነው። በፌስታል ጠቅልለው አስቀምጠውት ነበር። ጋሼ የሰጡን ምክር ከማንኛውም ዩቲዩብ ይበልጣል። “መጀመሪያ ሌላ የማያሳዝን ካሴት አስገቡ፤ ዴኩ ክር ይበላ እንደሆነ ይታወቃል” አሉን። እውነታቸውን ነው! የመጀመሪያውን የሕንድ ፊልም በላው። ሄዱን በአልኮል ጠረግነው፤ ወደላይ ወደታች ሳይሆን ወደጎን፣ በቀስታ። ካሴቱን ራሱን ገልጠን አየነው። ሻጋታ ያለበት ካሴት ነጭ ነጭ ይላል፤ እሱን ዴክ ውስጥ መክተት ሌላውንም ካሴት ማስያዝ ነው። የእኛው ደህና ነበር። የመንዝ ብርድ ለእኛ እንጂ ለካሴት ክፉ አይደለም። ክፉው የጎጆ ጭስና ጥላሸት ነው። ከዚያ አንዴ እስከ ጫፍ፣ አንዴ ወደኋላ አጠነጠንነው። በጀርባው ጠርዝ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክም ሰበርናት፤ እሷ ከሌለች ዴኩ በስህተት በላዩ ላይ ሊቀዳ አይችልም። ይኼን ዛሬውኑ ቤታችሁ አድርጉት፤ ምንም ወጪ የለውም።

ቢጫው ገመድ ለምስል፣ ነጩና ቀዩ ለድምፅ። ሰካን፣ ቀዳን፣ 40 ደቂቃ ጠብቀን አየነው። መጀመሪያው ደህና ነው። መጨረሻው ላይ ግን የዘበኛው አባት አፍ ከተዘጋ በኋላ ድምፃቸው ይሰማል! ተማሪዬ ካሴቱን ጠረጠረ። ጥፋቱ ግን የላፕቶፑ ነበር። ሃርድ ዲስኩ ቀርፋፋ ነው፤ አንቲቫይረሱም ከጀርባ ይሠራል። ስለዚህ እየቀዳ ሳለ አንዳንድ ፍሬም ይጥላል። ሒሳቡን ሠራንለት፦ በደቂቃ 3 ፍሬም ብቻ ቢወድቅ በ40 ደቂቃ 120 ፍሬም ነው። አንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ነው። ተባዝቶ 4.8 ሰከንድ። ለሚያይ ሰው ይኼ መሳቂያ ነው። በምስሉ ላይ ሙዚቃ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ውድቀት ነው፤ እጅ ሲመታና ከበሮ ሲመታ አይገናኙም። ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ዘግተን፣ ኢንተርኔቱን አጥፍተን፣ የጣለው ፍሬም ዜሮ እስኪሆን ሦስት ጊዜ ቀዳነው። መብራት ሄዶ ያቋረጠንን ሳልቆጥር ነው።

ሁለተኛው ጉድ ደግሞ ይብሳል። ተማሪዬ ድምፁን ለብቻ አውጥቶ የሙዚቃ ፕሮግራሙ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ኪቦርዱን ይዞ የቀረርቶውን ቃና መፈለግ ጀመረ። ግማሽ ቀን ለፋ። አንዴ ትዝታ ይላል፣ አንዴ አምባሰል፣ አንዴ አንቺ ሆዬ። የትኛውም ቁልፍ ላይ አልቀመጥ አለው። በመጨረሻ “ቲቸር፣ ሽማግሌው ከቃና ወጥተዋል” አለኝ። እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ግን እኚያን ሰው ለዓመታት ሰምቻቸዋለሁ፤ ድምፃቸው እንደዚያ ወፍራም አልነበረም። ቁጥሩን አየነው። ቪዲዮው የተቀዳው በሰከንድ 48,000 ናሙና ነው። የሱ ፕሮግራም የሚያነበው ለሲዲ በተለመደው 44,100 ነው። ስለዚህ ድምፁ ተጎተተ፤ 10 ደቂቃው 10 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሆነ፣ ቃናውም ከግማሽ ድምፅ በላይ ወረደ። ከቃና የወጣው ሽማግሌው ሳይሆኑ ኮምፒውተሩ ነበር! አንዷን ቁጥር አስተካከልን። ሰውዬው ወደ ራሳቸው ድምፅ ተመለሱ። ተማሪዬ ጭንቅላቱን ይዞ “ይቅር ይበሉኝ” ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ይኼ ቀልድ አይደለም። የኛ ቅኝት ከኪቦርድ ቁልፍ ጋር ድሮውንም በግድ ነው የሚታረቀው። በዚያ ላይ ያረጀ ዴክ ትንሽ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ሲያጫውት፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ በራሱ ቁጥር ሲያነበው የሰውየው ድምፅ የሱ መሆኑ ይቀራል። ከዚያ ሙዚቃ ሠርተንበት “የመንዝ ቀረርቶ ይኼ ነው” ብለን ለልጆቻችን እንሰጣለን። ልጆቻችንም ከዚያ ይማራሉ። ስህተት እንዲህ ነው ባህል የሚሆነው።

እዚህ ላይ የተማሪዬን ሐሳብም በሐቅ ልንገራችሁ። እንዲህ አለኝ፦ “ቲቸር፣ የዛሬ ልጅ ሙዚቃ የሌለው ፊልም አያይም። ጥሬውን ብንለቀው 20 ሰው ያየዋል። ማጀቢያ ካለው መንዝን የማያውቅ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ያያል።” ልክ ነው። እኔ ማጀቢያ ሙዚቃ አልጠላም። የኃይሌ ገሪማን “ጤዛ” ያየ ሰው ጆርጋ መስፍን የተሳተፈበት ማጀቢያ ፊልሙን ምን ያህል እንደተሸከመው ያውቃል። ሙዚቃ ዓይን ያላየውን ያሳያል።

እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። ቃሉን ራሱን እዩት፦ ማጀብ። ንጉሥ ይታጀባል፣ ታቦት ይታጀባል፣ ሙሽራ ይታጀባል። አጃቢ ከሙሽራ ፊት አይሄድም፤ ሙሽራውን አስወጥቶም እሱ አይገባም። ሙዚቃም እንደዚሁ ነው። ምስሉ ዝም ባለበት ይግባ፤ ሰውዬው በሚናገርበት ወደኋላ ይበል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሙሽራው ይኑር! የመጀመሪያው ድምፅ በደህና ቦታ ሳይቀመጥ በላዩ ላይ የሚሠራ ሙዚቃ፣ ሙሽራ የሌለበት ሰርግ ላይ መጨፈር ነው።

ደግሞም የቆየ ድምፅ ተጠብቆ ሲገኝ የት እንደሚደርስ አይተናል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ በኛ አቆጣጠር የሠራቸው ሙዚቃዎች ለዓመታት ከሰብሳቢዎች በቀር ውጭ የሚሰማቸው አልነበረም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ “ኢትዮጲክስ” በሚለው ተከታታይ ሲዲ፣ በ4ኛው ቅጽ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 እንደገና አወጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጂም ጃርሙሽ “ብሮክን ፍላወርስ” ለሚለው ፊልሙ ማጀቢያ አደረጋቸው። ዓለም ስለ ኢትዮ-ጃዝ ማውራት የጀመረው በብዛት ከዚያ በኋላ ነው። ልብ በሉ፦ ከ30 ዓመት በላይ ጠብቆ የፊልም ማጀቢያ የሆነው ሥራ የተቀዳው ስለነበረ፣ ሳይጠፋም ስለቆየ ነው። በላዩ ላይ ሌላ ነገር ተቀድቶበት ቢሆን ኖሮ ጃርሙሽ ምን ያገኝ ነበር?

መንዝ ራሷ ብዙ ተጽፎላታል። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጦ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1965 “ሰምና ወርቅ” የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ታውቁታላችሁ። መጽሐፍ ሐሳቡን ይይዛል፣ ታሪኩን ይይዛል። “ዘራፍ!” ሲባል ጉሮሮ ላይ የሚሰማውን ነገር ግን አይይዝም። እሱን የሚይዘው ክር ነው። ክሩ ደግሞ እየሞተ ነው።

እየሞተ ነው ስል ማጋነን አይደለም። ቪኤችኤስ ዴክ ከሚያመርቱት የመጨረሻው እንደሆነ የሚነገርለት የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ማምረት አቁሟል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 የማግኔት ካሴት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፤ ባለሙያዎች ከ2025 በኋላ ካሴት ማጫወት በጣም አስቸጋሪ እንደሚሆን ገምተው ነበር። ያ ዓመት ደርሷል። ሙጫው እየለቀቀ፣ ዴኩ እየጠፋ፣ ዴክ መጠገን የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነው። ካሴቱ ቢተርፍ እንኳ የሚያነበው ላይኖር ነው።

ስለዚህ እንዲህ ብታደርጉ ብዬ እመክራለሁ። ባለሙያ አይደለሁም፤ በዲፕሎማዬና በስህተቴ የተማርኩት ነው።

ካሴታችሁን ፈልጉ፣ ከነፕላስቲኩ ደረቅ ቦታ አቁማችሁ አስቀምጡ። እየደጋገማችሁ አታጫውቱት፤ የመጨረሻ ጉልበቱ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባም ደብረ ብርሃንም ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ቤት ፈልጉና ስትሰጡ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፤ አንድያ ካሴት ጥሎ መሄድ ልጅን መንገድ ላይ ጥሎ እንደመሄድ ነው። “ዘፈን አታስገቡበት፣ አትቁረጡት፣ አታድምቁት፤ ከነጩኸቱ ከነነፋሱ ይሁን” በሏቸው። ስልክ ላይ የምትታይ ትንሽ ፋይል ብቻ ሰጥተው እንዳይሸኟችሁ። ዲቪ በሚባለው አቀዳድ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 13 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ 300 ሜጋ ከሰጧችሁ ብዙ ነገር ተጥሏል ማለት ነው። ዋናውን ፋይል ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሁለት የተለያየ ቤት አስቀምጡ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ካሴቱን አትጣሉት።

ሙዚቃ ለምትሠሩት ልጆች ደግሞ፦ በዋናው ፋይል ላይ በፍጹም አትሥሩ። ትንሽ ግልባጭ አውጡና ሰዓቱን ከነፍሬሙ ምስሉ ጥግ ላይ ጻፉበት፤ “ከ3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ፣ ከ8ኛው ፍሬም ላይ ማሲንቆው ይግባ” ስትባባሉ እንድትግባቡ። ፕሮግራማችሁን 25 ፍሬምና 48,000 ላይ አድርጉ። የ25ቱን ቪዲዮ በ24 ካስኬዳችሁት አንዱ ሰዓት 62 ደቂቃ ተኩል ነው የሚሆነው። በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለዚያ ይጨምቀዋል። እስክስታ ላይ ትከሻው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጥቆ ከታያችሁ ካሴቱ ተበላሽቶ አይደለም። የድሮው ቪዲዮ እያንዳንዱን ፍሬም በሁለት ግማሽ ስለሚሠራ ነው፤ የምታስተካክሉት ግልባጩ ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የሰውየውን ቤተሰብ ጠይቁ። እኛ ወደ ዘበኛው አባት ልጅ ቤት ሄድን። ፊልሙ ላይ እንድናስገባው ፈቃድ ለመጠየቅ ነበር። በላፕቶፕ ከፈትንላት። ዝም ብላ ሰማች። ሲያልቅ “መልሱት” አለች። ሁለተኛ ሰማች። ከዚያ አንዲት ቃል ላይ አስቆመችን። እኛ የሰፈር ስም ነው ብለን ተርጉመን በፊልሙ ጽሑፍ ላይ ጽፈናት ነበር። “ሰፈር አይደለም፤ የአያቴ የፈረስ ስም ነው” አለችን። ኮምፒውተሩም እኔም ተማሪዬም ያንን አናውቅም። እሷ ብቻ ናት የምታውቀው። በድምፁ ላይ ዘፈን ጭነንበት ቢሆን ኖሮ እሷም አትሰማውም ነበር።

ፊልሙ አሁን ሊያልቅ ነው። ተማሪዬ ሱፍ የሚፈተልበት ቦታ ላይ ዋሽንትና ክራር አስገብቷል፤ ደስ ይላል፣ እኔንም አስለቅሶኛል። ቀረርቶው ሲጀምር ግን ሙዚቃው ቀስ እያለ ይወጣል። ሰውዬው ብቻቸውን፣ ከመድረኩ ማይክራፎን እሪታ ጋር፣ ከነፋሱ ጋር፣ ከተማሪው ሁካታ ጋር ይሰማሉ። ጨርሰው ሲወርዱ አንዲት ማሲንቆ ከኋላ ትከተላቸዋለች። ይኼን እኔ አላልኩትም፤ ራሱ ነው የወሰነው። “እሳቸው እየተናገሩ እኔ ምን እላለሁ ቲቸር?” አለኝ። 20 ዓመት ባስተምር ከዚህ የበለጠ መልስ ከተማሪ የማገኝ አይመስለኝም።

መጨረሻ ላይ አንድ ልመና አለኝ። በጥር 1995 ዓ.ም. በእህቴ ሰርግ ላይ የነበራችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ቤታችንንም ታውቁታላችሁ። ያኔ ሰው ቴፕ ሪከርደር ይዞ ሰርግ ይመጣ ነበር፤ ማሲንቆ ለመቅዳት። ያን ቀን የቀዳ ሰው ካለ፣ ወይም የቀዳ ሰው የሚያውቅ ካለ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ክሩ የተበጠሰም፣ የተጨማደደም፣ ግማሹ ላይ ሌላ ነገር የተቀዳበትም ቢሆን ግድ የለኝም። በእስክሪብቶም ቢሆን አጠነጥነዋለሁ።

እናቴ አሁንም “ድምፁን ክፈቱት” ትላለች።